ሦስተኛው ዋንጫ

የእግር ኳስ ታላቁ አሠልጣኝ ማን ነው በሚለው ክርክር ሁሉም የራሱን ቁጥር ይዞ ይመጣል። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሰር አሌክስ ፈርጉሰንን 13 የፕሪምየር ሊግ ዋንጫዎች ይቆጥራል። የሪያል ማድሪድ ደጋፊ ካርሎ አንቸሎቲ በአሠልጣኝነት ያነሣቸውን 5 የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫዎች ይጠራና፣ በአምስቱም ታላላቅ የአውሮፓ ሊጎች ሻምፒዮን የሆነ ሌላ ሰው ካለ አምጡ ይላል። የማንቸስተር ሲቲው በ2018 ፔፕ ጓርዲዮላ የሰበሰበውን 100 ነጥብ ያነሣል። የአርሰናሉ ደግሞ በ2004 ያለ ሽንፈት የተጠናቀቀውን የአርሰን ቬንገርን የውድድር ዘመን አይረሳም፤ 38 ጨዋታ፣ 26 ድል፣ 12 አቻ። ታሪክ የሚወድ አንድ ሰው ከመሃል ከተገኘ፣ የዓለም ዋንጫን ሁለት ጊዜ ያነሣ አሠልጣኝ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ፖዞ ብቻ መሆኑን ተናግሮ ሁሉንም ዝም ሊያሰኝ ይሞክራል። አይሳካለትም። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በተለይ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሮቹ ሁሉ እውነት ናቸው፤ የሚለኩት ነገር ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ፖዞ በ1938 የዓለም ዋንጫን ያነሣው አራት ጨዋታ አሸንፎ ነው፤ ከኋላውም ድሉን ለራሱ ማስታወቂያ የሚፈልገው የሙሶሊኒ መንግሥት ነበር። ያ መንግሥት በዚያው ዓመት ኢትዮጵያን በወረራ ይዞ ስለነበር እኛ ያንን ዋንጫ እንደ ሌላው ሰው ልናየው አንችልም። አንቸሎቲ የሠራባቸው ክለቦች አብዛኞቹ ከዓለም ሀብታሞች የሚመደቡ ናቸው። ፊፋ በ1999 ሆላንዳዊውን ሪኑስ ሚሼልስን የምዕተ ዓመቱ አሠልጣኝ ብሎ ሲሰይም ነገሩን የዘጋ መስሎት ነበር፤ ክርክሩ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

በበኩሌ ከዋንጫ ብዛት የተሻለ ሚዛን አለ ብዬ አምናለሁ። ሚዛኑን የሚጠቁመው የእንግሊዝ ሊግ መዝገብ ነው። ከ1888 ጀምሮ በዚያ ሊግ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ በተከታታይ ሻምፒዮን የሆኑት ክለቦች አምስት ናቸው፤ ሀደርስፊልድ ታውን ከ1924 እስከ 1926፣ አርሰናል ከ1933 እስከ 1935፣ ሊቨርፑል ከ1982 እስከ 1984፣ ማንቸስተር ዩናይትድ ሁለት ጊዜ፣ እንዲሁም ከ2021 እስከ 2024 አራቱን ያከታተለው ማንቸስተር ሲቲ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ለብቻ ነጥለን ብናይ፣ በአንዳቸውም ቤት ሦስተኛውን ዋንጫ ያነሣው አሠልጣኝ የመጀመሪያውን ያነሣው ሰው አልነበረም። በሀደርስፊልድ ሰውየው ወደ ሌላ ክለብ ሄዷል፤ በአርሰናል ሞቷል፤ በሊቨርፑል በጡረታ ተሰናብቷል። ዋንጫው ግን መምጣቱን አላቆመም። በሀደርስፊልድና በአርሰናል ደግሞ የሄደውና የሞተው ሰው አንድ ነው፤ ኸርበርት ቻፕማን።

ሥራውን የፈጠረው ሰው

ዛሬ አሠልጣኝ ስንል ተሰላፊዎችን የሚመርጥ፣ ዝውውር ላይ ቃሉ የሚሰማ፣ አጨዋወቱን የሚወስንና ሽንፈት ሲደጋገም የሚሰናበት ሰው ማለታችን ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ ነበር። በብዙ ክለቦች አሥራ አንዱን የሚመርጡት ዳይሬክተሮቹ ተሰብስበው ነው፤ ጸሐፊው ደብዳቤ ይጽፋል፣ የባቡር ጉዞ ያዘጋጃል፤ ልምምድ የሚያሠራው ደግሞ ተጫዋቾቹን ያስሮጣል። ብሔራዊ ቡድኑማ አልፍ ራምሴ በ1963 እስኪረከበው ድረስ ተጫዋች የሚመርጥለት ኮሚቴ ነበር። ራምሴ ምርጫው የእኔ ብቻ ይሁን የሚል ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዝ የዓለም ዋንጫን አነሣች።

ቻፕማን ይህንኑ ነገር በክለብ ደረጃ ያደረገው ከዚያ አርባ ዓመት ቀድሞ ነው። በ1878 በዮርክሸር ኪቭተን ፓርክ በምትባል የከሰል ማዕድን መንደር ተወለደ። አባቱ ማዕድን ቆፋሪ ነበር። እሱ የማዕድን ምህንድስና ተማረ፤ ኳስም ተጫወተ፤ በተጫዋችነቱ ግን ስሙ የሚነሣ አልነበረም። በኋላ በአሠልጣኝነት ይመራው የነበረው ሊድስ ሲቲ በ1919 በጦርነቱ ዘመን ለተጫዋቾች ሕገ ወጥ ክፍያ ፈጽሟል ተብሎ ተከሰሰ፤ የሒሳብ መዝገቡን አላሳይም ሲልም ከሊጉ ተባረረ። ቻፕማንም ከእግር ኳስ ታገደ። እገዳው የተነሣለት ክፍያው ተፈጸመ በተባለበት ጊዜ እሱ የጥይት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ እንደነበር በመረጋገጡ ነው።

ከዚያ የተረከበው ሀደርስፊልድ ታውን ለታሪክ የታጨ ክለብ አይመስልም ነበር። ከተማው ራግቢ ወዳድ ነው። ክለቡም ጥቂት ቀደም ብሎ በዕዳ ተይዞ ወደ ሊድስ ሊዛወር ሲል የከተማው ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ነው ያስቀረው። ቻፕማን በዚህ ቤት በ1922 ኤፍኤ ካፕን፣ በ1924 እና በ1925 የሊጉን ዋንጫ አነሣ። የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያገኘው ከካርዲፍ ሲቲ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ስሌት ለጥቂት በልጦ ሲሆን፣ በሁለተኛው ዓመት ግን በአንድም የሊግ ጨዋታ ከሁለት ግብ በላይ አልገባበትም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ብዙም ያልተወራለት ውሳኔው ነው። ተጠባባቂው ቡድንም ሦስተኛው ቡድንም እንደ ዋናው ቡድን እንዲጫወቱ አደረገ። አንድ ተጫዋች ሲጎዳ የሚተካው ሰው ሥራውን አስቀድሞ ያውቀዋል።

በ1925 አርሰናል ወሰደው። አርሰናል በዚያን ጊዜ ከመውረድ ለጥቂት የተረፈ፣ በ20ኛ ደረጃ የጨረሰ የለንደን ክለብ ነበር። በዚያው ክረምት የኦፍሳይድ ሕግ ተቀየረ። ቀደም ሲል አጥቂው ኳስ ሲላክለት በእሱና በግቡ መስመር መካከል ሦስት የተጋጣሚ ተጫዋቾች መኖር ነበረባቸው፤ አሁን ሁለት በቂ ሆኑ። ለውጡ በግብ ብዛት ላይ ወዲያው ታየ። በአንደኛ ዲቪዚዮን በ1924/25 የተቆጠሩት ግቦች 1,192 ነበሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት 1,703 ደረሱ። የተከላካይ መስመሮች ሁሉ ግራ ገባቸው።

ኦክቶበር 3 ቀን 1925 አርሰናል በኒውካስል ሜዳ 7 ለ 0 ተሸነፈ። በቡድኑ ውስጥ ቻርሊ ቡካን የሚባል አንጋፋ አጥቂ አለ። ቻፕማን ከሰንደርላንድ ያመጣው 2,000 ፓውንድ ከፍሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት ለሚያገባው ለእያንዳንዱ ግብ ደግሞ 100 ፓውንድ ለመጨመር ተስማምቶ ነው። ቡካን የመሐል አማካዩ ወደ ኋላ ወርዶ በሁለቱ ተከላካዮች መካከል ይቁም እያለ ሲወተውት ከርሟል፤ ከዚያ ሽንፈት በኋላ ቻፕማን በተጫዋቾቹ ፊት ሐሳቡን እንዲያስረዳ ዕድሉን ሰጠው። ጃክ በትለር ወደ ኋላ እንዲወርድ ተወሰነ። በትለር ሲወርድ ግን መሐሉ ባዶ ይቀራል፤ ከአጥቂዎቹ አንዱ ዝቅ ብሎ ኳሱን ማገናኘት አለበት። ቡካን ያንን ሥራ ለራሱ ፈልጎ ነበር። ቻፕማን አጥቂውን ከግብ ማራቅ አልፈለገምና ኃላፊነቱን ለተጠባባቂው አንዲ ኒል ሰጠ፤ ኒል ሯጭ አልነበረም፤ ኳስ ግን በእግሩ ሥር ትታዘዝለት ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ አርሰናል ዌስትሃምን በሜዳው 4 ለ 0 አሸነፈ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ሐሳቡ የቻፕማን የራሱ እንዳልነበር ነው። ሌሎች ክለቦችም በዚያው ወቅት ተመሳሳይ ነገር ሲሞክሩ ነበር። የእሱ ሥራ የተጫዋቹን ሐሳብ አዳምጦ ተቀብሎ፣ ማን የት ቆሞ ምን እንደሚሠራ ወስኖ፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ቦታ የሚሆን ሰው እየፈለገ በዓመታት ውስጥ መሙላት ነበር። በኒል ቦታ በ1929 ከፕሬስተን የመጣው አሌክስ ጄምስ ገባ። በግራ ክንፍ ገና የ17 ዓመት ልጅ የነበረው ክሊፍ ባስቲን ተሰለፈ። ቦታው አስቀድሞ ስለተሠራ ሰው ሲቀያየር ቡድኑ አይፈርስም።

ያ የውድድር ዘመን ሲያበቃ አርሰናል ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው በሲሲል ፖተር የሚመራው ሀደርስፊልድ ታውን ነው፤ ሦስተኛ ተከታታይ ዋንጫው ነበር። በ1926 ቻፕማንን ከዋንጫ ያስቀረው ቻፕማን የሠራው ቡድን ነው።

የአርሰናሉም ታሪክ በዚያው መንገድ ሄደ። በ1930 ቻፕማን በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ የቀድሞ ክለቡን ሀደርስፊልድን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ በ1931 በ66 ነጥብና በ127 ግብ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1933 ደገመው። በማልያ ጀርባ ላይ ቁጥር መጻፍን ሊጉ ግዴታ ከማድረጉ ከ11 ዓመት በፊት ሞከረው። በማታ መብራት መጫወትን ደግፎ ተከራከረ፤ ለውድድር ጨዋታ የተፈቀደው ግን እሱ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከስታዲየሙ አጠገብ ያለው የምድር ባቡር ጣቢያ በ1932 አርሰናል ተብሎ እንዲሰየም ያደረገውም እሱ ነው። በ1934 የአዲስ ዓመት ሰሞን ብርድ ይዞት እያለ ሌሎች ቡድኖችን ለማየት ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ ተመልሶም ሦስተኛው ቡድኑ ጊልድፎርድ ላይ ሲጫወት ካላየሁ ብሎ ሄደ። ጃንዋሪ 6 በሳንባ ምች ሞተ። የውድድር ዘመኑን ጆ ሾው ጨርሶ ዋንጫውን አስገኘ፤ በ1935 ጆርጅ አሊሰን ሦስተኛውን ጨመረ። ሦስት ዋንጫ በሦስት ሰው፤ ቡድኑ ግን አንድ ነው።

የጫማ ማስቀመጫው ክፍል

የሊቨርፑሉ ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ እዚህ ውርሱ በአንድ ሰው አልተጀመረም፣ በአንድ ሰውም አላበቃም። ቢል ሻንክሊ በዲሴምበር 1959 አንፊልድ ሲደርስ ክለቡ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ነበር። አዲስ አሠልጣኝ የራሱን ሰዎች ይዞ ይገባል ተብሎ ሲጠበቅ ሻንክሊ በቦታው የነበሩትን ረዳቶች አንድም ሳያሰናብት አስቀራቸው። ቦብ ፔስሊ፣ ጆ ፋገን፣ ሩበን ቤኔትና በኋላም ሮኒ ሞራን የተጫዋቾች ጫማ በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ እየተሰበሰቡ ስለ ጨዋታ ይነጋገሩ ነበር። የየዕለቱን ልምምድ፣ ማን እንደተጎዳ፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ በደብተር ይመዘግባሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ችግር ሲገጥም ደብተሩ ይገለጣል።

ሻንክሊ በ1974 በድንገት ሲለቅ ሥራው ለፔስሊ ደረሰ። ፔስሊ ከዱራም የማዕድን መንደር የመጣ፣ በክለቡ ተጫውቶ በፊዚዮቴራፒነትና በረዳትነት የኖረ፣ ከመድረክ ንግግር ይልቅ ዝምታ የሚቀናው ሰው ነበር። ወንበሩንም የተቀበለው እያመነታ ነው። በዘጠኝ የውድድር ዘመን 6 የሊግ ዋንጫና 3 የአውሮፓ ዋንጫ አመጣ፤ ኤፍኤ ካፕ ብቻ አመለጠው። በ1983 በጡረታ ሲሰናበት ሁለት ተከታታይ የሊግ ዋንጫ አስቀምጦ ነበር፤ ሦስተኛውን በሚቀጥለው ዓመት ፋገን አነሣ። ፋገን በዚያው ዓመት የሊግ ካፕን ወሰደ፤ የአውሮፓ ዋንጫንም በሮም ከተማ፣ ሮማን በገዛ ሜዳው በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ አነሣ።

ፔስሊን ታላቁ አሠልጣኝ የሚሉት ሰዎች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። በዓመት ተካፍሎ ቢታይ የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ቢሆንም የሻንክሊን፣ የፔስሊንና የፋገንን ሥራ ለያይቶ ለአንዱ ዘውድ መድፋት የሚያስቸግረው የክፍሉ ሥራ የጋራ ስለነበረ ነው። ሻንክሊ በመጣ ዕለት ረዳቶቹን ቢያባርር ኖሮ ፔስሊ የሚባል አሠልጣኝ አናውቅም ነበር።

ከአምስተርዳም የወጣው ሐሳብ

ሪኑስ ሚሼልስ በጃንዋሪ 1965 አያክስን ሲረከብ ክለቡ ከመውረድ ጋር ይታገል ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት የሊግ ዋንጫ አነሣ፤ በ1971 ዌምብሌይ ላይ ፓናቲናይኮስን 2 ለ 0 አሸንፎ የአውሮፓ ዋንጫን ወሰደና ወደ ባርሴሎና ሄደ። ተከላካዩ ሲያጠቃ አማካዩ ቦታውን የሚሸፍንበት፣ ኳስ ሲነጠቅ ሁሉም ወደ ፊት እየገፋ ተጋጣሚውን የሚያጨናንቅበት አጨዋወት ግን አምስተርዳም ቀረ። ተተኪው ሮማኒያዊው ስቴፋን ኮቫች ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የአውሮፓ ዋንጫ በ1972 እና በ1973 አነሣ። እንደገና ያው ነገር ነው፤ ሦስተኛው ዋንጫ በወራሹ እጅ መጣ።

የሚሼልስን ውርስ ከሌሎቹ የሚለየው ከክለቡ ወጥቶ መጓዙ ነው። ዮሃን ክሩይፍ በ1973 አያክስን ትቶ አሠልጣኙን ተከትሎ ባርሴሎና ሲገባ አያክስ ተዳከመ፤ የአውሮፓ ዋንጫን ዳግም ያየው በ1995 ነው። ክሩይፍ ግን በ1988 አሠልጣኝ ሆኖ ባርሴሎና ተመለሰ፤ በ1992 ሳምፕዶሪያን 1 ለ 0 አሸንፎ ለክለቡ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ አመጣ። በዚያ ቡድን መሐል ሜዳ ላይ የተሰለፈው ወጣት ጓርዲዮላ ነበር። ጓርዲዮላ በኋላ የባርሴሎና አሠልጣኝ ሆኖ ቆይቶ በ2012 ሲለቅ ምክትሉ ቲቶ ቪላኖቫ ተተክቶ በመጀመሪያ ዓመቱ ሊጉን በ100 ነጥብ አሸነፈ። ሚሼልስ በ1965 የጀመረውን ነገር ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ አራተኛ ትውልድ ሲጫወትበት አየን።

የራሱ ወራሽ

የዚህ ሚዛን ትልቁ ፈተና ፈርጉሰን ነው። በእንግሊዝ ሦስት ተከታታይ የሊግ ዋንጫን በራሱ እጅ የጨረሰው የመጀመሪያው አሠልጣኝ እሱ ሲሆን ይህንንም ሁለት ጊዜ አድርጎታል፤ ከ1999 እስከ 2001 እና ከ2007 እስከ 2009። ቻፕማንና ፔስሊ ከተተኪ የተቀበሉትን ፈርጉሰን ከራሱ ተቀበለ።

ይህ እንዴት ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ በ1995 ክረምት አለ። ዩናይትድ በዚያ ዓመት ዋንጫ አጥቶ ነበር። ፈርጉሰን ፖል ኢንስን ለኢንተር፣ ማርክ ሂዩዝን ለቼልሲ፣ አንድሬ ካንቼልስኪስን ለኤቨርተን አሳልፎ ሰጠ፤ በምትካቸው ትልቅ ስም አልገዛም። ቤካምን፣ ስኮልስን፣ በትን፣ የኔቪል ወንድማማቾችን ከወጣት ቡድኑ አመጣ። በመጀመሪያው ጨዋታ በአስቶን ቪላ 3 ለ 1 ሲሸነፍ የቀድሞው የሊቨርፑል ተከላካይ አለን ሀንሰን በልጆች ዋንጫ አይገኝም አለ። ዓመቱ ሲያልቅ ልጆቹ የሊጉንም የኤፍኤ ካፑንም ዋንጫ ወስደው ነበር። ፈርጉሰን በ26 ዓመት ቆይታው የራሱን ቡድን ደጋግሞ አፍርሶ እንደ አዲስ የተሾመ ያህል ከመሠረቱ ሠርቷል።

በ2013 ሲሰናበት ግን ወራሽ አላገኘም። ዴቪድ ሞየስ የራሱን ረዳቶች ይዞ ገባ፤ የፈርጉሰን ረዳቶች ወጡ፤ የክለቡ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴቪድ ጊልም በዚያው ክረምት ለቋል። ሻምፒዮኑ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት ሰባተኛ ወጣ። ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም ይባላል፤ የፈርጉሰን ደጋፊዎችም ውድቀቱን እንደ ምስጋና ይቆጥሩታል። እሱ ሲነሣ ሁሉም የፈረሰው ሁሉንም ተሸክሞት ስለነበር ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። ሆኖም ሁሉን ብቻውን የተሸከመ ሰው ታላቅ ተሸካሚ ነው፤ ከእሱ በኋላም የሚቆም ነገር ማቆም ሌላ ችሎታ ይጠይቃል።

በአህጉራችን የሚነሣው ስም ግብፃዊው ሐሰን ሸሐታ ነው። በ2006፣ በ2008 እና በ2010 የአፍሪካ ዋንጫን አከታትሎ በማንሣት ሦስተኛውን በራሱ እጅ የጨረሰ ብቸኛ አሠልጣኝ ነው። ግብፅ ከዚያ በኋላ ለ2012፣ ለ2013 እና ለ2015 ውድድሮች አላለፈችም። እዚህ ላይ ሚዛኑን በጭፍን መጠቀም ግፍ ይሆናል። በ2011 አብዮት መጣ፤ በፌብሩዋሪ 2012 ፖርት ሰኢድ ስታዲየም ውስጥ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱና ሊጉ ተቋረጠ። አሠልጣኝ የሚያወርሰው ቡድኑን እንጂ አገሩን አይደለም።

ገንዘቡስ?

ሦስተኛውን ዋንጫ የሚያመጣው የክለቡ ካዝና ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። ቻፕማን በ1928 ዴቪድ ጃክን ከቦልተን በ10,890 ፓውንድ ሲገዛ በዓለም ላይ ከ10,000 ፓውንድ በላይ የወጣበት የመጀመሪያው ዝውውር ሆኗል፤ ተቀናቃኞቹም አርሰናልን የእንግሊዝ ባንክ ክለብ እያሉ ይዘልፉት ነበር። ጓርዲዮላ በሲቲ አራት ዋንጫ ሲያከታትል ከኋላው የአቡዳቢ ሀብት ነበር። ፕሪምየር ሊጉም በ2023 በክለቡ ላይ ከ100 በላይ የፋይናንስ ደንብ ክሶች አቅርቧል፤ ክለቡ ይክዳል።

ገንዘብ ብቻውን ግን ነገሩን አያስረዳም። ሀደርስፊልድ ሀብታም አልነበረም። ብራያን ክላፍ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ያገኘውን ደርቢ ካውንቲን በ1972 የእንግሊዝ ሻምፒዮን አድርጎ በ1973 ከዳይሬክተሮቹ ጋር ተጣልቶ ወጣ፤ በ1975 ዴቭ ማካይ ያንኑ ክለብ እንደገና ሻምፒዮን አደረገው። ክላፍ በኖቲንግሃም ፎረስት በ1979 እና በ1980 የአውሮፓ ዋንጫን ሁለት ጊዜ ሲያነሣ ዓለም ተደነቀ፤ በ1993 ሲሰናበት ግን ክለቡ አብሮት ወደ ታች ወረደ። ያው ሰው በአንዱ ቤት ውርስ ትቶ በሌላው ሳይተው ቀረ። በደርቢ ቡድኑ ገና ወጣት ሳለ ተገፍቶ ወጣ፤ በፎረስት ቡድኑም እሱም እስኪደክሙ ቆየ። የሚሄዱበትን ጊዜ ማወቅም የሥራው አካል ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይህ ሚዛን ወደ ቤታችን ሲመጣ ያማል። ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ግብፅን በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ገጠመች። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ግርማ ተክሌና ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

የይድነቃቸውን ውርስ በዋንጫ ብቻ መለካት አይቻልም። ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስኪያርፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ከስፖርት እንድትገለል፣ አህጉሩም በዓለም ዋንጫ ተጨማሪ ቦታ እንዲያገኝ ታግለዋል። ዛሬ የአፍሪካ ቡድኖች በዓለም ዋንጫ ላይ በቁጥር የሚታዩት በእሳቸው ዘመን በተጀመረው ትግል ነው። ለአህጉሩ ያወረሱትን ያህል አገራቸው መውረስ አለመቻሏ ነው የሚያስቆጨው። በ1954 ዓ.ም. ፍጻሜ ግብ ያስቆጠሩት መንግሥቱ ወርቁ አሠልጣኝ ሆነው ቡድኑን በ1982 ወደ ሊቢያው የአፍሪካ ዋንጫ ወሰዱት። ይህ ውርስ ነበር፤ እዚያው ላይ ግን ተቋረጠ። ሰውነት ቢሻው ሱዳን ላይ 5 ለ 3 የተሸነፈውን ቡድን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸናፊ አድርገው ለ2013ቱ ውድድር እስኪያሳልፉት ድረስ 31 ዓመት አለፈ። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ናይጄሪያን ብቻ ማሸነፍ ሲቀረው ወደቀ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም አሠልጣኙ ተሰናበቱ። ቀጣዩ የአፍሪካ ዋንጫ የመጣው በውበቱ አባተ ዘመን፣ በ2022 ካሜሩን ላይ ነው።

በእኛ አገር የጎደለው ችሎታ ያለው አሠልጣኝ አይደለም። እያንዳንዱ አሠልጣኝ ከዜሮ ይጀምራል፤ ሲሄድም ረዳቶቹ፣ አሰላለፉ፣ ደብተሩ አብረውት ይሄዳሉ። በክለቦቻችን በውድድር ዘመኑ አጋማሽ አሠልጣኝ ሲቀየር ማየት ብርቅ አይደለም፤ አዲሱ ሰው ግን ከቀድሞው ምን ተረከበ ብሎ የሚጠይቅ የቦርድ አባል እምብዛም አይገኝም።

ፍርዱ

በዚህ ሚዛን ስመዝን አንደኛው ኸርበርት ቻፕማን ነው። ሁለት ቤት ሠርቷል፤ ሁለቱም እሱ በሌለበት ሦስተኛውን ዋንጫ አንሥተዋል። ይህን በሁለት ክለብ የደገመ ሌላ ሰው በእንግሊዝ ታሪክ የለም። አሠልጣኝ የሚባለውን ሥራ ዛሬ በምናውቀው መልክ ከቀረጹት ሰዎች ግንባር ቀደሙም እሱ ነው፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ በዚያ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት። ሁለተኛው ሚሼልስ ነው፤ ሐሳቡ ከክለብ ክለብ ተሻግሮ እስከ ዛሬ ይጫወታል። ሦስተኛው ፈርጉሰን ነው፤ ለተተኪ ባያወርስም ራሱን በራሱ የወረሰ ሌላ አላየንም።

ፔስሊን አራተኛ በማድረጌ የሊቨርፑል ሰዎች ቢቆጡ አልፈርድባቸውም፤ እኔም ሻንክሊንና ፋገንን ከእሱ ጋር አንድ ላይ ቁጠሩልኝ ቢሉኝ ከሚሼልስ በላይ ላስቀምጣቸው እችላለሁ። ጓርዲዮላ ባርሴሎና ላይ ለቪላኖቫ ያወረሰውን አይተናል፤ ማንቸስተር ላይ የሠራው የሚመዘነው ግን ራሱ ባነሣው ዋንጫ ሳይሆን በተተኪዎቹ ውጤት ነው። አንቸሎቲ በሄደባቸው ብዙ ክለቦች ዋንጫ ወስዷል፤ ይህ አንቸሎቲ ነው ብሎ ሌላ አሠልጣኝ የሚወርሰው አጨዋወት ግን በአንዳቸውም ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ክርክሩን በዋንጫ ቁጥር መቀጠል የሚፈልግ ይቀጥል፤ የኔን ደረጃ ማፍረስ የሚፈልግ ደግሞ ከሄደ በኋላ ሦስተኛው ዋንጫ በሁለት ቤት የመጣለትን ሌላ ሰው ያምጣልኝ።